ጀርመን ፍለጋ ሐዋሳ

ነገሩን የጀመረው ቅናት ነው። አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አለው። ሰውዬው የቅድመ አያቱን ታሪክ በወፋፍራም ክላሰር አደራጅቶ ሳሎኑ ውስጥ ደርድሮታል፤ እንግዳ ሲመጣ ከቡናው በፊት የሚቀርበው እሱ ነው። ቅድመ አያቱ ጀርመን ነበሩ። ከሐምቡርግ የተሳፈሩበት መርከብ ስሙ ይታወቃል። ሚልዋኪ እንደደረሱ ቢራ ፋብሪካ ገብተው በርሜል ያጥቡ እንደነበር፣ ከማን ቤት ተከራይተው እንደኖሩ፣ በየትኛው መቃብር በስንተኛው ረድፍ እንዳረፉ ሁሉም ይታወቃል።

የአክስቴ ልጅ (ስሙን ማንሳት ስለማልፈልግ ከዚህ በኋላ ሚልዋኪ እለዋለሁ) ይህን ሲያይ አንጀቱ አረረ። “ሦስት ሺህ ዘመን እያልን እንፎክራለን፣ የአያታችን አባት መቼ እንደተወለዱ ግን አናውቅም” አለኝ በስልክ።

እውነቱን ለመናገር አሜሪካ ውስጥ ጀርመን አያት ማግኘት ያን ያህል ጀብዱ አይደለም። ከ40 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ ዘሬ ከጀርመን ይመዘዛል ባይ ነው። ሐምቡርግ ከ1850 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ከወደቧ የተነሳውን ተሳፋሪ መዝግባ ይዛለች። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ካስል ጋርደን፣ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤሊስ አይላንድ፣ ገቢውን ቆጥሮ የሚቀበል ነበረ። የዘር ፈላጊዎቹ ትልቁ ሐዘን የ1890ው የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ በ1921 በተነሳው ቃጠሎ እሳቱና የእሳት ማጥፊያው ውኃ ተባብረው አብዛኛውን አበላሹት። የሚልዋኪ ጎረቤት ስለዚያ ቃጠሎ ሲያወራ ትናንት ማታ የደረሰ ነው የሚመስለው።

ሚልዋኪ ሲብሰለሰል ከርሞ ምራቁን በብልቃጥ አሽጎ ለዘር መርማሪ ድርጅት ላከ። መልሱ መጣ፤ ሁለት በመቶው ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ነው። ለሌላ ሰው ሁለት በመቶ የሚዛን መዛባት ነው። ለእሱ ግን ጋፋት ነበር።

የእናቶቻችን ወገን ደብረ ታቦር ነው። በቤተሰባችን ቀላ ያለ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ “አንድ ፈረንጅ እኮ አለብን” ማለቱ አይቀርም። እንዲህ የማይል የደብረ ታቦር ቤተሰብ ካለ እኔ አላጋጠመኝም። ወሬው መነሻ አለው። ከደብረ ታቦር አለፍ ብላ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የፈረንጅ የእጅ ባለሙያዎች አስፍረው መድፍ ያሠሩ ነበር። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት የተላኩ ናቸው አብዛኞቹ፤ ለስብከት መጥተው መድፍ ቀላጭ ሆነው ቀሩ። ቫልድማየር ስዊስ ነው፣ ዛልሙለር ጀርመን፣ ሞሪትዝ ሆል የክራኮው ተወላጅ። አገሩን ለመዱ፣ አማርኛውን ቻሉ፣ አግብተው ወለዱ።

ከእነሱ ቀድመው የመጡም ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ጀርመኖች ወደ ሚልዋኪና ወደ ሲንሲናቲ ሲጎርፉ ሺምፐር የሚባለው በ1837 እ.ኤ.አ. ዕፅዋት ለመልቀም ብሎ ወደ እኛ መጣ፤ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርባ ዓመት ያህል ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ለደጃዝማች ውቤ የደረስጌ ማርያምን ያነፀው እሱ ነው። ውቤ ንግሥናዬ ይፈጸምባታል ብለው ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተቀቡባት። ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ደግሞ ከጎንደር ሴት ወለተ ኢየሱስን ወለደ። ወለተ ኢየሱስ ሞሪትዝ ሆልን አገባች፤ ማግዳሌና የምትባል ልጅ ወለዱ። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ማን ሆነ? ፒተር ኡስቲኖቭ! በ1951 እ.ኤ.አ. “ኩዎ ቫዲስ” ላይ ኔሮን ሆኖ ሮምን ያቃጠላት፣ ሁለት ኦስካር የወሰደው ተዋናይ።

ሚልዋኪ ይህን ያነበበ ዕለት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ቤተሰባችን ከሆሊውድ በአንድ ጋብቻ ብቻ የራቀ መሰለው።

“አንድ ችግር አለ” አልኩት። “ከመቅደላ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ፈረንጆቹን ከነሚስትና ከነልጆቻቸው ሰብስቦ ይዟቸው ወጥቷል። የቀረ ልጅ ካለ ከሚስት የተወለደ አይደለም ማለት ነው።”

“ዘር ዘር ነው” አለኝና የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ።

ታዲያ ደብረ ታቦር እያለ ሐዋሳ ምን አመጣን? የቤተሰቡ መዝገብ ቤት ያለው ሐዋሳ ነው። እማሆይ የአያታችን ታናሽ እህት ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐዋሳ ገና ስትቆረቆር፣ ለጡረተኛ ወታደር መሬት ይሰጣል ሲባል ከባላቸው ጋር ወርደው እዚያው ቀሩ። ባላቸው ካረፉ በኋላ መንኩሰው ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ራቅ ሳይሉ ይኖራሉ። ከወገናችን የሞተውንም ያለውንም ሳይሳሳቱ የሚቆጥሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትሩን ሚልዋኪ አንድም ሐይቅ ቀና ብሎ ሳያይ ጨረሰው። ጭኑ ላይ ከጎረቤቱ ያስገለበጠውን የዘር ቅጽ ዘርግቶ፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ የልደት ቦታ፣ ሙያ፣ የሞት ቀን የሚሉ ባዶ ሳጥኖችን በፍቅር ይመለከታል። ባቱን አለፍን፣ ሻሸመኔን አለፍን፣ እሱ ሳጥን ላይ ነው። ሐዋሳ ገብተን ተራራውን ሳሳየውና “ታቦር ይባላል” ስለው ግን ከመቀመጫው ተነሳ። ደብረ ታቦር፣ ታቦር! ምልክት ነው ብሎ ፎቶ አነሳው።

ርቦን ነበርና መጀመሪያ አሞራ ገደል ወረድን። ልጆቹ ዳር ላይ ተደርድረው ቆሮሶውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ቅርፊቱን እየፋቁ፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላ ሳያዩ ይወረውሩታል፤ አባ ኮዳዎቹ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። አንዱ አባ ኮዳ በራውን አዘንብሎ ሚልዋኪን ከእግር እስከ ራሱ ገመገመው። የተጠበሰው ዓሣ በዳጣ መጣ፤ አጥንቱን ብቻ አስቀረን።

ወደ እማሆይ ቤት የወሰደን የባጃጅ ሾፌር ወሬያችንን ሰምቶ አላስችል አለው። “የአያታችሁን አባት ለማወቅ ነው ከአሜሪካ ድረስ?” አለ። ሲዳማ ነው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጣቱን እያጠፈ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። ጣቱ አልቆ እንደገና ከአውራ ጣት ሲጀምር ፊት ለፊት ጋሪ ነበረ። እኔ “ፍሬን!” ስል ሚልዋኪ “ስንተኛው ላይ ደረስክ?” ይላል። ጋሪውን በተአምር አልፈነው፣ ሾፌሩ ሁለት አያቶች ጨምሮ በሩ ላይ አወረደን።

እማሆይ ጉልበት ስመን ሳንቀመጥ አየሩን አሸተቱ።

“በረቡዕ ምድር ዓሣ በልታችሁ ነው የመጣችሁ?”

“እማሆይ፣ ዓሣ እኮ ጾም ነው ይባላል” አለ ሚልዋኪ።

“ማነው ያለው? ዓሣው?”

ቡና ተፈላ። ሚልዋኪ ስልኩን መቅረጫ ላይ አድርጎ ሙዳዩ አጠገብ አስቀመጠና የመጣበትን ነገር ዘርዝሮ አስረዳ፤ ምርመራውን፣ ሁለት በመቶውን፣ ጋፋትን። እማሆይ እስከ ምራቁ ድረስ በትዕግሥት ሰሙት። እዚያ ላይ ስኒውን አስቀመጡ።

“ምራቅህን ለማን ሰጠህ አልክ?”

“ለድርጅት ነው እማሆይ፤ በፖስታ።”

“በስመ አብ! የማታውቀው ሰው ምራቅህን ይዞ ተቀምጧል?” ወደ እኔ ዞሩ። “አንተስ ምን ትጠብቃለህ? አታስመልስለትም?”

ምራቁ እንደማይመለስ ካስረዳናቸው በኋላ ጠበል እንዲጠመቅ አስምለውት ወደ ጉዳዩ ገባን። ሚልዋኪ የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተ።

“አባትዎ መቼ ተወለዱ?”

“ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከብቱ ሳይመለስ።”

ሚልዋኪ ብዕሩን እንደያዘ ወደ እኔ አየ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በምትለው ሳጥን ከብት ማስገቢያ የለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ረኃብ እንደሆነ፣ ከብቱን የፈጀው በሽታም እንደቀደመው ሹክ አልኩት፤ “1885 ገደማ” ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ዘመድ በኅዳር በሽታ የሞተች ሆነች፤ ይሄኛው እንኳ ቀላል ነው፣ 1911። አንዱ “ጣሊያን ሲገባ ጥርሱን ያበቀለ” ነው። ቀስ በቀስ ሚልዋኪ ለመደውና ሳጥኖቹ ሞሉ። ፊቱ በራ። “የቃል ታሪክ ምን ያህል ትክክለኛ እንደሆነ እያየህ ነው?” አለኝ፤ “እነሱ ወረቀታቸው ሲቃጠልባቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይሄ ይቃጠላል?”

በመጨረሻ ድፍረት አግኝቶ ጠየቀ። “ጀርመኑስ እማሆይ?”

“የቱ ጀርመን?”

“የጋፋቱ። አያታችን የሆነው።”

እማሆይ እስኪያስላቸው ሳቁ። “አያትህማ የአባቴ አባት ነው። ጋፋት የሠራ አሽከር ነው። ጭቃ አቡኩ ተብለው ለመድፉ መቅረጫ ጭቃ ሲያቦኩ ፈረንጆቹም ጫማቸውን አውልቀው አብረው ያቦኩ ነበር ይላል አባቴ። ኋላ ያንን ትልቁን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን ጎትቷል። አባቴ ልጅ ሆኖ የትከሻውን ጠባሳ በጣቱ ይዳስሰው ነበር፤ ጠፍር የበላው ነው፤ እዚህ ጋ።” የራሳቸውን ትከሻ በነጠላው ላይ ጫን አድርገው አሳዩን።

ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ነው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ፈጅቷል፤ መንገድ የለም፣ እየሠሩ ነው የሄዱት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፣ እኔም በታክሲ በሥሩ እያለፍኩ ቀና ብዬ አላየውም።

ሚልዋኪ ግን ኩንታሉን አላደነቀም። “ታዲያ ሁለት በመቶው ከየት መጣ?”

“ከጭቃው ነክቶህ ይሆናላ” አሉ እማሆይ።

ሙያ የምትለዋ ሳጥን ላይ “መድፍ ጎታች” ብሎ ሲጽፍ እጁ ፈዘዘ። ክላሰር ውስጥ ገብቶ ከበርሜል አጣቢው ጎን ሲቆም እንዴት እንደሚታይ እያሰበ መሰለኝ። እኔ በበኩሌ መድፍ መጎተት በርሜል ከማጠብ በምንም አያንስም ባይ ነኝ፤ ደመወዙ ቢለያይም።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እማሆይ በተራቸው ጠየቁ። “አንተስ፣ አታገባም?”

በጥር ነው አለ ሚልዋኪ። ልጅቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው፣ ወላጆቿ የደብረ ታቦር ሰዎች ናቸው። ደስ ይበላቸው ብሎ ፎቶዋን አሳያቸው።

“የማን ልጅ ናት?”

ነገራቸው።

“የእገሌ የልጅ ልጅ? ያ የፋርጣው?”

“እሱ መሰለኝ።”

እማሆይ ፎቶውን መለሱለትና መቁጠሪያቸውን አነሱ። በአንዱ አያት አንድ ፍሬ፣ በአንዱ አያት አንድ ፍሬ እያሳለፉ በእሷ በኩል ወጡ። ከዚያ ከሌላው ጫፍ ይዘው በእሱ በኩል ወጡ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቶቻቸው ተገናኙና ቆሙ።

“አምስተኛው ላይ ተገናኛችሁ። ሰባት ቤት አልሞላም። እህትህ ናት።”

ሚልዋኪ የተናገረውን ጽፎ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ በገዛ ስልኩም ተቀርጿል። “እማሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ በቃል ብቻ አይሆንም። የሰው ልጅ ትዝታ ይሳሳታል። ሰነድ አለ? የተጻፈ ነገር፣ የክርስትና መዝገብ፣ ምስክር?”

“ከብቱ ሳይመለስ ስልህ ስትጽፍ አልነበር?”

“እሱ ሌላ ነው።”

ስልኩን ከሙዳዩ አጠገብ አንስቶ መቅረጫውን አጠፋ። ቅጹን አጣጠፈ። መንገድ ይመሽብናል፣ ባጃጁም ሳይሄድብን አልቀረም ብሎ ዓይኑን ጣለብኝ፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛውን ቡና ሳልጠጣ የመነሳት ሐሳብ አልነበረኝም።

እማሆይ መቁጠሪያውን ከፍሬው መጀመሪያ እንደገና ያዙት። “ቁጭ በል” አሉት፤ “ገና በእናቷ በኩል አልቆጠርንም።”