በኩልመስክና አካባቢው የሚካሄደው የአበባ ልየታ ጉዞ፦ ያለ በጀት የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ በላስታ ደጋ በክረምትና በክረምት መውጫ በአስጎብኚ መሪነት መስክ እየተወጣ አገር በቀል ዕፅዋትና የዱር አበቦች በስም የሚለዩበትን ሥርዓት መመርመር ነው። ጥናቱ ከኩልመስክ ገበያ ተነሥቶ እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ያለውን ምድር ይሸፍናል። ጫፉ ከ4,200 ሜትር ስለሚበልጥ አጥኚው የላይኛውን ክፍል የሸፈነው ከታች ቀና ብሎ በማየት ነው።

አስቀድሞ መነሣት ያለበት የወቅት ችግር አለ። አበባው የሚፈነዳው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጎብኚው የሚመጣው ለገና። ላሊበላ በታኅሣሥ መጨረሻ እግር መጣያ ሲጠፋባት አደይ አበባ ረግፎ፣ ሣሩ ገለባ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በላስታ የዕፅዋት ልየታ በአብዛኛው የሚከናወነው በኃላፊ ጊዜ ነው። አስጎብኚው አንዱን ደረቅ አገዳ በዱላው ነካ አድርጎ «ይህ ቢጫ ነበር» ይላል፤ እንግዳውም «ቢጫ» ብሎ ይጽፋል። በክረምት የመጣ እንደሆነ ደግሞ አበባው አለ፤ መንገዱ የለም። የነሐሴን ጭቃ የቀመሰ ሾፌር ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ያለው እውቀት ከጎማ ሥር ሲጎዘጎዝ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚበረታ ነው። ይህም እውቀት ነው። ለጊዜው ክትክታ እየመራ ይገኛል።

ወደ ሰልፉ እንለፍ። ከፊት የሚሄደው አስጎብኚው ነው የሚል የተስፋፋ ግምት አለ። በተግባር ከፊት የሚሄዱት ፍየሎች ናቸው። ከፍየሎቹ ቀጥሎ እረኛው፣ ከእረኛው ቀጥሎ እረኛውን የሚጠይቀው አስጎብኚ፣ ከዚያም አስጎብኚውን የሚጠይቀው እንግዳ ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ዣንጥላ የያዘና ምንም የማይጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የእሱን ተግባር ማወቅ ሌላ ጥናት ይጠይቃል። እውቀቱ ከላይ ወደ ታች በዚሁ ተራ ይንቆረቆራል። አስጎብኚው «አንተ፣ ይቺ ማናት?» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መልሱን ለእንግዳው ሲያስተላልፍ ደግሞ ከፍ ያደርጋል። የክፍያው ልዩነትም ከዚሁ ከድምፁ ልዩነት የመነጨ ይመስላል።

የዕፅዋት ሊቃውንት «የመለያ ቁልፍ» የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ቅጠሉ ፊት ለፊት ተጣምሯል ወይስ ተፈራርቋል? ከተጣመረ ወደዚህኛው ቁጥር ሂድ፣ ከተፈራረቀ ወደዚያኛው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ፣ ስምንት ቅጽ ሆኖ 6,000 ገደማ ዝርያዎችን በዚህ መንገድ ለይቷል። የእረኛው ቁልፍ ግን አራት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ፍየል ትበላዋለች? ካልበላችው፣ ይወጋል ወይስ ይመርራል? ከወጋ፣ ለአጥር ይሆናል? ለአጥርም ካልሆነ፣ ይነድዳል? ከአራቱም ጥያቄ ያመለጠ ተክል «ዝም ብሎ ቅጠል» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ምድብ በስምንቱም ቅጽ ውስጥ አለመካተቱን አጥኚው በቅሬታ ይመዘግባል፤ ከመንገደኛ ሁሉ ዓይን ፊት በብዛት የሚገኘው እሱ ነውና።

አንዳንዱ ተክል ቁልፍ አያሻውም። ቀጋ ራሱ ሱሪ ይዞ ያስቆምና ይተዋወቃል። ሳማ ከዚህም ትፈጥናለች። በኢትዮጵያ ብቻ የምትበቅል ዝርያ ስለሆነች ሳይንሱ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ብሎ የስሜንን ስም አውጥቶላታል። በእጁ የነካት እንግዳ የሳይንሱን ስም ለመስማት ትዕግሥት ሲያጣ ይታያል። በአንጻሩ ጓሮ የምትለቅማት ሴት እጇን በፌስታል ትጠቀልላለች። ለጋ ለጋውን ጫፍ ብቻ ትቀነጥሳለች፤ የገረጀፈውን ግንድ ትተወዋለች፤ የለቀመችውንም እፍኝ ሙሉ ሳይነካት ቆሪው ውስጥ ትጥላለች። እንግዳው ለምን እንደሚያገለግል በአስተርጓሚ ሲጠይቃት «ለወጥ» ትለዋለች፤ ቀና ሳትል። እሱ የቀላውን ጣቱን እያየ ትርጉሙ የተሳሳተ መስሎት በድጋሚ ያስጠይቃል።

የስም አወጣጡን ጉዳይ ጥናቱ በዝምታ ሊያልፈው አልቻለም። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ ኮሶን አየ፤ አይቶም ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ባንክሲያ አለው። ስሙ ግን ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ኖሯል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1791 ኮኒግስበርግ በሚኖር ሀገን በተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ሊቅ ስም ሀጌኒያ ተባለ። ኮሶ በትውልድ አገሩ ስም ነበረው ወይ የሚለውን የጠየቀ አልነበረም፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ስሙን ሲጠራ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ጦስኝም እንዲሁ ቲሙስ ሺምፐሪ ሆና ተመዝግባለች። ለስሙ ባለቤት ለሺምፐር አጥኚው ይራራለታል። እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ፣ አገሬው ውስጥ ኖሮ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈ ሰው አንዲት የሻይ ቅጠል አትበዛበትም። ይሁንና ገበያ ገብቶ «ሺምፐር በስንት ነው?» ያለ ሰው ሻይውን ባዶውን ይጠጣል።

ከፍ ሲባል ጅብራ ይገኛል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ አቁሞ ይሞታል። እንግዶች «ሲያብብ ደውሉልን» ብለው ስልክ ትተው ይሄዳሉ። አስጎብኚዎቹም ትሕትና ስለሚያውቁ ስልኩን ይቀበላሉ።

ዛፍን በተመለከተ ሥራው ቀላል ነው። ከሩቅ የሚታየው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም መጤ ስለሆነ አይቆጠርም። አገር በቀሉን ጥድና ወይራ የፈለገ ቤተ ክርስቲያን መሳለም አለበት። የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ በጥንት ጥድ የተከበበው የደን ጥበቃ ዕቅድ ስለወጣለት አይደለም። ቅርንጫፍ ለመቁረጥ የፈለገ ሰው ከመጥረቢያው በፊት ግዝቱን ያስባል። በዚህ ደን ውስጥ የሚደረግ ልየታ በባዶ እግርና በዝግታ ስለሆነ ውጤቱ ከሌላው ቦታ የተሻለ ነው።

እስካሁን የቀረበው ማስረጃ አንድ ነገር ያመለክታል፦ በዚህ አገር የዕፅዋት ጉዞን የሚመሩት መምራታቸውን ያልሰሙ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ከላስታ ውጭ አንድ ምሳሌ እንፈቅዳለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲፈልጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ሞተው አገኟቸው። ከዚያ ቤተ ሙከራው፣ ጽሑፉ፣ ክርክሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተከተለ። በሳይንሳችን ታሪክ ከታዩት ፍሬያማ የመስክ ጉዞዎች አንዱን የመሩት አጣቢዎቹ ናቸው። ልብሱን ጨርሰው፣ አስጥተው፣ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የውሎ አበል አልጠየቁም።

ወደ ላስታ ስንመለስ፣ በመሪ የሚካሄድ፣ ጥብቅ ሥርዓት ያለውና በትክክለኛው ወቅት የሚደረግ የዕፅዋት ልየታ ጉዞ አንድ ብቻ ተገኝቷል፤ እሱም የልጃገረዶች በዓል የሆነው አሸንድዬ ነው። ሰቆጣዎች ሻደይ፣ ራያ ቆቦዎች ሶለል ይሉታል። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ሲፈታ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ሣር አስቀድሞ መገኘት አለበት። ስለዚህ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ያለ ቦቲ ጫማና ያለ ዣንጥላ መስክ ይወጣል። መሪዋ በዕድሜ ከፍ ያለችው ናት። ትንሿ ልጅ ደስ ብሏት ያመጣችውን እፍኝ ሣር ትልቋ ተቀብላ አንዱን ዘለላ በሁለት ጣቷ መሐል ሳብ ታደርገዋለች፤ ርዝመቱን ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ትለካዋለች፤ ትመልስላታለች። «ይኼ አይደለም። ይኼን ለላሚቱ ስጫት።» ይግባኝ የለም። አጥኚው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈጣን የናሙና ግምገማ አላጋጠመውም።

ተቀባይነት ያገኘው ናሙና እንደ ደንቡ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ አይደርቅም። ቀሚስ ላይ ይታሰርና እስከ ነሐሴ 21 ቤት ለቤት፣ ደጅ ለደጅ፣ በከበሮ ታጅቦ ለሕዝብ ዕይታ ይቀርባል። ተመልካቹ ተነሥቶ ያጨበጭባል፣ ገንዘብም ይሰጣል። ናሙናውን እያሽከረከረ የሚያሳይና መግቢያ የሚያስከፍል ሌላ የዕፅዋት ሙዚየም አጥኚው አያውቅም። ጉድለቱ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ሣሩ ጠውልጎ መጣሉ ነው። ለቀጣይ ተመራማሪ የሚቀር ነገር የለም፤ ፍየሎቹም የወደቀውን አይምሩትም።

ከዚህ የተነሣ በኅዳር የሚመጣ ባለሙያ መንደር ውስጥ የሚያካሂደው ቃለ መጠይቅ ይህን ይመስላል።

«የኔ እመቤት፣ አሸንድዬ የሚሉትን ሣር ታሳዪኛለሽ?»

«አሁንማ የለም ጋሼ። በነሐሴ ይምጡ።»

«በነሐሴ መኪና አይገባም እኮ።»

«እኛስ መች በመኪና እንሄዳለን?»