መንገድን ከእግረኛ የመንጠቂያ ምክር

የልደታን ሰፈር ለመኪና ብቻ ማድረግ ካማረህ ከእግረኛ መንገዱ ጀምር። የምትሠራውን ሕንፃ አሸዋና ብሎኬት እዚያው ላይ አራግፍ። ልጅ ያዘለች እናት አስፋልት ትውረድ፤ ዓይነ ስውሩም በዘንጉ የለመደውን ጠርዝ ሲፈልግ የብረት ክምር ያግኘው። ሕንፃው ሲያልቅ ደጁን በደረጃ ብቻ ሥራው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ይሁን ብሎ ደንግጓል፤ አንተ ግን በዊልቸር የመጣውን ከበሩ መልሰው።

ስትነዳ ደግሞ ፍጠን። ከልደታ ፍርድ ቤት ፋይሉን ታቅፎ የወጣው ባለጉዳይ ዜብራ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ጥሩምባ ንፋበት። ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ የሚገጨው እግረኛ የመሞት ዕድል በ4.5 እጥፍ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እንዲህ ፈጥነህ በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የምታተርፈው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ለግማሽ ደቂቃ ብሎ ሰው ላይ መንዳት ያንገበግበኛል። አንተን ግን አያንገብግብህ፤ «እግረኛ ለራሱ ይወቅ» በል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በልደታ በኩል ከሚያልፈው ባቡር የወረደ ሁሉ፣ ከሚኒባስ የወረደም፣ አንተም መኪናህን ካቆምህ በኋላ እግረኛ መሆናችሁን እርሳው።

ሊስትሮውን፣ በቆሎ ጠባሿንና ጀብሎውን «መንገድ ዘጋችሁ» ብለህ አስነሳቸው፤ ከዚያ በቦታቸው መኪናህን አቁም። ሦስቱም ከነደንበኞቻቸው የሚበቃቸውን ስፍራ አንድ ባዶ መኪና ቀኑን ሙሉ ይያዘው። እነሱ የዕለት ጉርሳቸውን ያጣሉ። ሲመሽ ደግሞ፣ በቆሎ ጠባሿ ከሰል እያራገበች መንገደኛውን ታይበት የነበረው ጥግ ጭር ይላል፤ ከማታ ትምህርት የምትመለስ ልጅም በሩጫ ታልፈዋለች። ስለዚህ ሁሉ ጉዳት የሚጠይቅህ የለም፤ የመንገድ ጥናት የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ መኪና ነው።

ግንቦት 1 ሲደርስ በተለይ ንቃ። ለሰፈሩ ስም የሰጠችው ልደታ ማርያም በምትከበርበት ቀን ጎረቤት ከቤት ወጥቶ፣ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀማመሳል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚተዋወቀው እንዲህ ደጅ ለደጅ ሲገናኝ ነው። ለቅሶ ሲሆንም ድንኳን የሚተከለው እዚያው መንገድ ዳር ነው። የልጆቹን ኳስም ጨምርና ሁሉንም «የትራፊክ እንቅፋት» ብለህ መዝግብ።