ትከሻሽን ዝም አሰኚው

ለጀማሪዎች በሚሰጠው የቤሊ ዳንስ ትምህርት ከምታዘዘው ሁሉ አንዱ አልዋጥልኝ ብሏል። ጉልበትሽን እጠፊ ስባል አጥፋለሁ። ሆድሽን ሳቢ ስባል፣ ከነምሳዬም ቢሆን፣ እስባለሁ። "ትከሻሽን ዝም አሰኚው" ሲመጣ ግን ደሜ ይፈላል።

መምህርታችን ግብፃዊት ናት፤ ጨዋ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች መስታወታም ክፍሏ ውስጥ ማንንም ተቆጥታ አታውቅም። ዳሌ የሚርገፈገፈው በጉልበት ኃይል መሆኑን ያስረዳችን እሷ ናት። አንዱ ጉልበት ሲታጠፍ ሌላው ይዘረጋል፤ ሲፈጥን ዳሌ ላይ የታሰረው ሻርፕ ሳንቲሞቹን ያንሿሿል። ድርቡካ የሚባለው ከበሮ "ዱም ተክ፣ ተክ ዱም፣ ተክ" ሲል የክፍል ጓደኞቼ ከእምብርት በላይ ባንክ ቤት ወረፋ የያዙ ይመስላሉ። እኔ ግን የትከሻ አገር ልጅ ነኝ። ሰርግ ላይ ማሲንቆ ገና ሲቃኝ አፋችን ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፤ ትከሻችን ግን ወሬውን ጥሎ ሄዷል።

ነገሩ ከተነሳ አይቀር፣ አገራችን ከክልል በፊት በአካል ክፍል የተከለለች ናት። ትከሻ ለጎንደር፣ ለጎጃምና ለወሎ፣ እግር ለጉራጌ፣ አንገት ለሐረርጌ ኦሮሞ፣ ወገብ ለወላይታ። ይህ ወሰን ግን ሰርግ ላይ አይሠራም። የወላይታ ዘፈን ሲገባ፣ "ወገቤን!" እያሉ ሲያቃስቱ የዋሉ እናቶች ብድግ ብለው ነጠላቸውን ዳሌያቸው ላይ ሸብ ያደርጋሉ። ቋጠሮው በጎን በኩል ይሆናል፤ ጫፉ እንዳያደናቅፍ ጥለቱ ወደ ውስጥ ይወሸቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ካይሮ መጥታ ብታይ ደስ ይለኛል። አንዷም ከፍላ አልተማረችም። አንዷንም "ለማን ልታሳዪው ነው?" ያላት የለም።

እኔን ግን አሉኝ። ያሉኝ አክስቴ ናቸው፤ ነጠላ ሸብ በማድረግ ሜሪላንድ ውስጥ ተወዳዳሪ የላቸውም። "ለማን ልታሳዪው ነው? ሰው ምን ይላል?"

ሰው ምን ይላል! ሰውማ ጨፋሪዋን ለሰርጉ ይጠራታል፣ እያጨበጨበ ያያታል፣ በስልኩ ይቀርጻታል፤ ልጁ ላግባት ያለ ዕለት ግን ሽማግሌ ይሰበስባል። በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ጨፋሪዋ ባዲያ ማሳብኒ በፈረንጆቹ 1926 ካይሮ ላይ የምሽት ቤቷን ከፍታ ጭፈራውን ለመድረክ አበቃችው፤ ታሂያ ካርዮካና ሳምያ ጋማል ከዚያ ወጥተው የግብፅን ሲኒማ ሞሉት። ታሂያ በፖለቲካ አቋሟ ታስራለች፤ ኤድዋርድ ሰይድን የሚያህል ምሁር በ1990 ስለ እሷ ጽፏል። ይህ ሁሉ ሆኖም እዚያም ያለ ጨፋሪ ሰርጉ የማይደምቅለት አባወራ፣ ልጁ ጨፋሪ ልሁን ብትለው ቤቱ ይናጋል። ማየቱ የእሱ፣ ነውሩ የእሷ! ያው ወገብ ነጠላ ሲታሰርበት ባህል፣ ሳንቲም ሲታሰርበት ብልግና የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ወገቡ እኮ አልተቀየረም!

እሺ፣ ይሁን። ሰርግ ላይ የማላጨበጭብ አይደለሁም።

ይልቅ የባሰውን ልንገራችሁ፤ ቤሊ ዳንስ ራሱ የትከሻ እርግፍግፍ አለው። "እሱን በሚቀጥለው ደረጃ ትማሪዋለሽ" ተባልኩ። ክፍያው ለብቻው ነው። እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ የለመድኩትን ነገር ከፍዬ እስክማረው ድረስ አፍኜ ልያዘው ማለት ነው።

ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው የሚቆጡልኝ መስሎኝ ነበር።

"ጉልበት ነው የሚያሠራው አልሽ?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሐኪሙ እኮ ጉልበትዎን ያንቀሳቅሱ ብሎኛል። ለአረጋውያን ቅናሽ አለው?"

ጠይቄ እነግርዎታለሁ አልኩ።

"ሳንቲሙስ ብርማ ነው ወርቅማ?"

ሁለቱም አለ አልኳቸው። ወርቅማው ቶሎ ይለቃል አሉ፤ ከዱባይ የመጣላቸው አምባር ፋሲካን እንኳ ሳይሻገር እንዴት እንደለቀቀ ያጫውቱኝ ጀመር። ከአምባሩ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ ሻንጣ ኪሎ ሄድን። እስካሁን ትርፍ ኪሎው ላይ ነን።