ዚፕ ፈላጊው

የሌላ ዓለም ፍጡር ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። ዚፑ የት ጋ እንደተሰፋ ካላወቅሁ ታሪኩ አይገባኝም። ልብሱ ብብቱ ስር ከተጨማደደ ወይም ጭምብሉ አንገቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «አያሳምንም!» ብዬ እፈርዳለሁ። የእህቴ ልጅ፣ ከእኔ ጋር የጠፈር ድራማ የማየት ዕዳ የወደቀበት ምስኪን፣ የጆሮ ማዳመጫ የገዛው ለሙዚቃ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልናገር። «አሬና» ይባላል፤ በ1967 የወጣ የስታር ትሬክ ክፍል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። ካፒቴን ከርክ ሴስተስ 3 በምትባል ፕላኔት ላይ የሰፈሩ ወገኖቹን ማንነቱ ያልታወቀ ጠላት ፈጅቷቸው ያገኛል። ደሙ ፈልቶ በመንኮራኩሩ ያሳድደዋል። መንገድ ላይ ግን ሜትሮን የሚባሉ ኃያላን ሁለቱንም ያስቆሙና አለቆቹን ብቻ ለይተው፣ መሣሪያ ሳያስይዙ፣ አንድ ድንጋያማ ስፍራ ላይ ይጥሏቸዋል። ተጋደሉ፤ የተሸናፊው መርከብ ከነሰዎቹ ይጠፋል።

የጠላት አለቃ ጎርን የሚባል ዘር ነው። በሁለት እግሩ የቆመ አረንጓዴ እንሽላሊት፣ ብርማ ዓይን ያለው፣ አብረቅራቂ አጭር ቀሚስ የለበሰ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ቡጢ ሲሰነዝር ከርክ ጎንበስ ለማለት ቀርቶ ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት ጊዜ አለው። እኔ ታዲያ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ስለ ጎማው ውፍረት ተናገርኩ፤ ስለ ስፌቱ ተናገርኩ፤ ድንጋዮቹ ካሊፎርኒያ ያሉት የቫስኬዝ ሮክስ ቋጥኞች መሆናቸውን አስረዳሁ። ከርክ ድኝና ከሰል ለቃቅሞ ባሩድ ሲቀምም፣ ከዚያም በቀርከሃ መድፍ አልማዝ ሲተኩስ ደግሞ የኬሚስትሪ ሊቅ ሆንኩ። ኬሚስትሪን ያለፍኩት ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ግራ እጇን ወረቀቷ ላይ ማሳረፍ ስለማትወድ ነው።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ጎርኑ ተናግሮ ኖሯል። ሜትሮኖቹ በሰጡት መሣሪያ ንግግሩ ተተርጉሞለት፣ ክልላችን ውስጥ ገብታችሁ ሰፈር መሠረታችሁ፣ ወራሪ ናችሁ ብሎ ከሷል። የከርክ ባልደረቦች እንኳን ይህን ሲሰሙ ጥፋቱ የእኛ ይሆን እንዴ ብለው ደንግጠዋል። እኔ አልሰማሁም፤ ብብቱ ላይ ነበርኩ።

በኋላ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የመሬት ክርክር ነው ያለበት» አለኝ። እንሽላሊቱን «ሰውየው» ነበር ያለው። እኔ እንግዲህ በክንድ ለማይሞላ አጥር ጎረቤቴን ክረምት ከበጋ ሰላምታ የነፈግሁ፣ ሌሊት ተነሥቼ ችካሉ አለመነቀሉን በባትሪ የማረጋግጥ ሰው ነኝ። ከዋክብትን ሁሉ ቢያስሱ የጎርኑን ብሶት ከእኔ የተሻለ የሚረዳ ዳኛ አይገኝም ነበር። ዳኛው ዚፕ ይፈልጋል።

ታረምኩ ብል ውሸት ነው፤ ወደ ሌላው ጫፍ ዘለልኩ እንጂ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆርታ የምትባል ፍጡር አለች፤ ዋሻ ውስጥ እየተሳበች ማዕድን ቆፋሪዎችን የምትፈጅ ድንጋይ። ልብሱን የሠራውም ከውስጥ ሆኖ የተሳበውም ያኖሽ ፕሮሃስካ የሚባል ባለሙያ ነው፤ ምጣድ ላይ የተረሳ ድፎ ዳቦ ትመስላለች። ቆፋሪዎቹ ሲሰባብሯቸው የነበሩት ክብ ድንጋዮች ግን እንቁላሎቿ ናቸው። ልጁ «ምንጣፍ ከነሕይወቱ» ብሎ ሲስቅ ጮህኩበት፦ «ዝም በል! እናት ናት!» ዓይኔን እየጠረግሁ። ከዚያ ወዲያ ጥርስና ጥፍር ያለው ሁሉ ደንበኛዬ ሆነ፤ ፕላኔት ሲያጋይ እያየሁ «መጀመሪያ ምን በድለውት ነው?» እላለሁ።

ጥብቅናዬ የተበላሸው በዳሌኮች ነው። ለእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» በ1963 የጻፋቸው ቴሪ ኔሽን ነው፤ ልጅነቱ በጦርነት ዘመን ያለፈ ሰው ስለሆነ መነሻ ያደረገው ናዚዎችን ነው። መሬት ተወሰደብን፣ እንቁላል ተሰበረብን አይሉም። እነሱን ያልመሰለ ሁሉ እንዲጠፋ ይፈልጋሉ፤ አለቀ። ምን ብዬ ልከራከርላቸው? ዚፕም የላቸውም፤ ተዋናዩ እንደ ጋሪ በሚገፋ ቅርፊት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አንደኛው እጃቸው ደግሞ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፈትበት ያ ባለ እጀታ ጎማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ከፍጡሩ የሚታየው ይህ ጎማ ብቻ ነው፤ ወደምትጮህ ሴት እየተጠጋ። የጎርንን ጥርስ የናቅሁት ሰውዬ በማግስቱ የቤታችንን ጎማ ከመታጠቢያ ቤት አውጥቼ ጓሮ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «ለንጽሕና ነው» አልኳት።

መጽናኛዬ ደረጃ ነበር። በጎማ የሚሽከረከር ነገር ደረጃ አይወጣም፤ መኝታ ቤታችን ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ሰሞኑን ልጁ የ1988ቱን ታሪክ ይዞልኝ መጣ። ዶክተሩ ከምድር ቤት ደረጃ እየወጣ ሊያመልጥ ሲል ዳሌኩ ከታች ደረሰ፤ ከዚያ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ፣ በእርጋታ፣ ደረጃውን ተከትሎ ይወጣ ጀመር። «አያሳምንም!» ብዬ አጠፋሁት። የስበት ሕግ ጠቀስኩ፤ ስለ ባትሪ አቅምም አንድ ነገር አልኩ። ልጁ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ንግግሬን እስክጨርስ ጠበቀና «እንቀጥል ታዲያ?» አለ። የኮሪደሩ መብራት ከበራ እስማማለሁ አልኩት።