ደመና ካልቀደመን

ደሴ ላይ ተቀምጦ ስለ ሰማይ ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ከደረበ፣ እንኳን ፀሐይና ጨረቃ የጎረቤት ጣሪያም በግምት ነው የሚታወቀው። በዚህች ከተማ የግርዶሽ ቀን ቆጥሬ፣ ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ስጠብቅ የሚያዩኝ ሰዎች ገሚሱ ያዝኑልኛል፣ ገሚሱ ይስቁብኛል። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ትውጣልን እስቲ፤ ከዚያ ስለ መጋረዷ እንጨነቃለን» አሉኝ የግቢያችን እማማ፣ ለሦስተኛ ቀን ያልደረቀ ነጠላቸውን ከገመድ ላይ እያወረዱ።

ይህን አመል ያስያዘኝ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት እሑድ ጠዋት የጨረቃ ጥላ ከኮንጎ ተነሥቶ፣ በደቡብ ሱዳን አድርጎ፣ አገራችንን ከምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሰንጥቆ አለፈ። ላሊበላ ላይ ፀሐይ መካከሏ ጠቁሮ ዳር ዳሯ የሚነድ ቀለበት ሆነች። ጨረቃ በጊዜው ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አቅቷት ነው ቀለበቱ የተረፈው። እኛ ደሴዎች ቀለበቱ ለጥቂት አምልጦን ቀጭን ፀሐይ ደረሰችን። እሷንም ቢሆን ደመናው ገለል ሲል ነው፣ በየተራ።

ሰፈሩ ግን ባዶ እጁን አልወጣም። ገሚሱ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ በላዩ አጎነበሰ። አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ የአባቱን የደረት ራጅ ከፍራሽ ሥር አውጥቶ መጣ። እኔም ተራዬን ጠብቄ ሳይ ፀሐይ ከግራ ጎድን አጥንቶች መሐል ገብታለች። አባትየው ከኋላችን ቆመው፣ «ሐኪሙ በዚያ በኩል ምንም የለም ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ።

ሳቃችንን ከጨረስን በኋላ ቁም ነገሩን ልንገራችሁ፤ በራጅ ፊልም ፀሐይን ማየት አይገባም። ድምቀቷን ይቀንሳል እንጂ ዓይን የሚጎዳውን የማይታይ ጨረር አይመልስም። ጥቁር መነፅርም፣ የጠቆረ ጠርሙስም፣ ሲዲም ያው ናቸው። የዓይናችን ውስጠኛ ክፍል ሲቃጠል ሕመም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ጋዜጣ መነበብ እምቢ ሲል ነው። የሚሆነው ለፀሐይ ግርዶሽ ተብሎ የተሠራው መነፅር ወይም ቁጥር 14 የሆነው የበያጆች መስታወት ነው። ሁለቱም ከሌሉ ፓስታ ማጥለያ ይበቃል። ለፀሐይ ጀርባ ሰጥታችሁ ማጥለያውን ከፍ ስታደርጉት፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጎዶሎ ፀሐይ መሬት ላይ ትዘራላችሁ። የቅጠሉ ጥላ ሳሳ ያለ ዛፍ ሥርም እንዲሁ ነው።

ያን ዕለት የኛ ደሴ ሸጋነትም ታየ። አንዷ እናት «እግዚኦ!» ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ጎረቤታቸው «ያ አላህ!» ብለው ለሶላት ተነሡ። በእስልምና ፀሐይ ስትጋረድ የሚሰገድ ሶላተል ኩሱፍ የሚባል ሶላት አለ። ከመሐላችን አንዱ «ትልቅ ሰው ሊሞት ነው» ብሎ ሲያሟርት አንድ አዛውንት ቆጣ አሉ፤ ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋርዳ፣ ሰው ሁሉ ለሱ ሐዘን ነው ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ልደት ብለው እንደማይጋረዱ ማስተማራቸውን አስታወሱት። አሟራቹም «እኔ እንኳ የሰማሁትን ነው» ብሎ ወደ ሳፋው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ነው ቀጣዩ መቼ ነው ማለት የጀመርኩት። ግርዶሽ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዙሩን ጠብቆ ይመጣል፣ ዕጣው ግን ሁልጊዜ ለአንድ ሰፈር አይወጣም። ተመሳሳዩ ግርዶሽ የሚደገመው ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ነገሩን የሚያበላሸው ያቺ 8 ሰዓት ናት፤ በዚያች ሰዓት ምድር ሢሶ ዙር ትዞርና ጥላው ሌላ አገር ላይ ያርፋል። የ2012ቱ ግርዶሽ ተከታይ የሚመጣው ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም. ሲሆን በደቡብ አሜሪካ በኩል ዞሮ ነው ወደ አፍሪካ የሚሻገረው። ወሩን ልብ አላችሁልኝ? አሁንም ሰኔ!

እዚህ ላይ ነው ከሰማይ ጋር የተቀያየምነው። እስቲ ወረቀቴን አብረን እንይ። ነሐሴ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጨረቃ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የምትሸፈንበት ግርዶሽ አለ። ለአሜሪካ ሰዎች ሸጋ ትርዒት ነው። ለእኛ የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጨረቃ ወደ ምዕራብ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ማን ነው? ጦሳ! የምድር ጥላ እስኪደርስባት ሳይጠብቅ ተራራው ራሱ ይጋርዳታል። ሰኔ 29 ቀን 2020 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ጨረቃ ከግማሽ በታች ትሸፈናለች፤ ሰዓቱ ሸጋ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ። ወሩ ግን ያው ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሰኞ ነው። የዚያን ቀን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በስፔን ደቡብ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ የሶማሊያን ጫፍ ይነካል። ግብፅ ሉክሶር አጠገብ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ በሙሉ ግርዶሽ ይህ እጅግ ረጅም የሚባል ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከግማሽ በላይ ትሸፈናለች። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ የደሴ የሐምሌ ዝናብ ቀጠሮ በሚይዝበት ሰዓት። ደመናው ምሕረት ቢያደርግልን እንኳ ቀኑ አይጨልምም፤ ከፀሐይ ትንሽ ክፍል ብትቀር ለማብራት ትበቃለችና። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ደመናው ብቻውን የሚያጨልመው ከዚያ ይብሳል፤ ያኔ መብራትም ከጠፋ የኛ ግርዶሽ ሙሉ ነው።

የደሴ ሰው ደግሞ ዘመድ የሌለበት የሳዑዲ ከተማ የለም። የኔም እህት ጅዳ ናት። ጅዳና መካ ሙሉ ጨለማው ከሚያልፍባቸው ከተሞች ውስጥ ናቸው። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ለማስላት አልተቸገርኩም፤ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ከርሞ ሐምሌ 26 ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ቀና ብለሽ እንድትጠብቂ። ቀኑ እንደ ሌሊት ይጨልማል፣ ኮከብ ይታያል። ስድስት ደቂቃ ያህል ፀሐይ ትጠፋለች!»

«እዚህ?»

«አዎ፣ እዚያው ጅዳ።»

«ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ስድስት ደቂቃ ፀሐይ ጠፍታልኝ እኔ ልደነግጥ? ተመስገን ነው የምለው! አንተ እዚያ በብርድ ልብስ ተጠቅልለህ ለምን ትጓጓላታለህ?»

መልስ አጣሁ። በጨለማው ደቂቃ ብቻ ያለ መነፅር ማየት እንደምትችል፣ ፀሐይ ብልጭ ማለት ስትጀምር ግን ዓይኗን እንድትሸፍን አደራ ብያት ዘጋሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ስል ነው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም.ን ያየሁት። እሑድ ምሽት፣ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ። ታኅሣሥ! ሰብል የሚወቃበት፣ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ብርዱ ብቻ የሚቀርበት ወር። ጨረቃ ስትወጣ ገደማ የምድር ጥላ ጠርዟን መንካት ይጀምራል፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ትዋጥና ከአንድ ሰዓት በላይ በዚያው ትቆያለች። ጠፍታ ግን አትጠፋም፤ ትቀላለች። የምድርን ዳር ታክኮ የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ይበተንና ቀዩ ብቻ ጎንበስ ብሎ ጨረቃ ላይ ይደርሳል። በዚያች ሰዓት በመላው ዓለም ያለው ንጋትና ምሽት ሁሉ ተጠራቅሞ እሷ ላይ ያበራል ማለት ነው።

ለጨረቃ መነፅር አያስፈልግም፣ ራጅም አያስፈልግም። ጨረቃ ያለችበት ሰማይ ሥር የቆመ ሁሉ ያያታል፤ የፀሐይ ግርዶሽ ግን ጠባብ መንገድ መርጦ ያልፋል፣ ሌላውን በጎዶሎ ይሸኛል። ለእማማም ይህን ነገርኳቸው። «ታኅሣሥ ነው?» አሉ። «ታኅሣሥ ነው።» «እሱስ ደግ፤ ልብሱም ይደርቃል።»

እንግዲህ የደሴ ሰዎች፣ ፍርዴ ይህ ነው፦ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፓስታ ማጥለያችሁን አዘጋጁ፣ ልጆቻችሁን ፀሐይ ላይ እንዳያፈጡ ጠብቁ፣ ተስፋ ግን አታብዙ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ምሽት ግን ጋቢ ደርባችሁ ውጡ። ያም ካመለጣችሁ በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ 11 ለ12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሌላ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ አለ። ለዚያኛውም መክፈል አይጠበቅባችሁም፤ መንቃት ብቻ ነው።