ጣሪያ የሌለው ሞል፦ የሶዶ ገበያ የታሪክና የመዋቅር ጥናት

በአገራችን ስለ ሞል ታሪክ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ስለ ወላይታ ሶዶ ሞል የተጻፈው ከጥቂቱም ያንሳል። ችግሩ የአጥኚ እጥረት አይመስለኝም፤ የትርጉም ነው። ሞል ማለት መስታወት፣ የሚያዳልጥ ወለልና «ሊፍቱ ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ነው ብሎ ያደገ ሰው ሶዶ ሲገባ ዓይኑን ወደ ፎቅ ሰቅሎ ይሄዳል። የቆመው የቲማቲም መደብ ላይ መሆኑን የምትነግረው ባለቲማቲሟ ናት። ይህ ጥናትም የተፀነሰው በዚሁ መንገድ ነው። የቲማቲሙ ሒሳብ በዕለቱ ተከፍሏል።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ቪክቶር ግሩን ከተባለው አርክቴክት መነሳት ግድ ይላል። ግሩን ቪየና ተወልዶ ያደገ፣ ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ አሜሪካ የሸሸ ሰው ነው። አሜሪካ ገብቶ ሲያይ የከተማ ዳርቻው ነዋሪ ዕድሜውን መኪና ውስጥ ይፈጃል፤ ጎረቤቱን ሳያይ ይከርማል። ግሩን አዘነ። ያገኘለት መድኃኒት የልጅነት ከተማው ናት፦ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርባት፣ ቡናውን ይዞ የሚቀመጥባት፣ ዘመድ ከዘመዱ ሳይቀጣጠር የሚገጣጠምባት ቪየና። ያንን አደባባይ ጣሪያ አለበሰውና እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1956 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኢዳይና በተባለች ቦታ፣ ሳውዝዴል ብሎ ከፈተው። 72 ሱቆች ነበሩት፤ በሁለት ወገን ሁለት ትልልቅ መደብሮች፤ ውጭው ላይ ከ5,000 በላይ መኪና የሚያስቆም ሜዳ፤ መካከሉ ላይ ሕያው ወፎች የሚዘሉበት ትልቅ የሽቦ ቤት። አየሩ በረዶ ቢወርድ ፀሐይ ቢያቃጥል ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንቅንቅ አይልም። የዛሬው ዝግ ሞል ሁሉ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል።

የዚህ ጥናት መላምት አጭር ነው። 20 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የግሩን ሥራ ሶዶ ላይ ከጣሪያው በቀር ተሟልቶ ይገኝ ነበር።

ሞል ያለ ከተማ ዳርቻ አይቆምምና መጀመሪያ ዳርቻውን እንመልከት። አሜሪካኖች ሰውን ከከተማ አውጥተው ሣር በለበሰ ደጅ ፊት ለፊት ለማስቀመጥ አውራ ጎዳና፣ የባንክ ብድርና መኪና አስፈልጓቸዋል። የወላይታ ገበሬ ይህን ሁሉ ዘሎታል። ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ተነጥሎ ይቆማል፤ ከፊቱ አጭር ሣር የለበሰ ደጅ አለ፤ ከጀርባው እንሰቱ፤ ከዚያ ዳርቆዋ የሚባለው የጓሮ ማሳ፤ ራቅ ብሎ ሾቃ የሚባለው የዱር ማሳ። ሣሩን የሚያጭደው ጥጃ ነው፤ ነዳጅ አይጠይቅም፣ እሑድ ጠዋትም አይጮህም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 በላይ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው ከተማ ውስጥ ይኖር የነበረው ከመቶ 12 አይሞላም፤ ሶዶ ራሷ 76,000 ነዋሪ ነበራት። ባለ ደጅ ሣሩ የቀረው ሁሉ፣ ማለትም ከመቶ 88ቱ፣ በሳይንሳዊ አነጋገር የከተማ ዳርቻ ነዋሪ ነው። ሚኒሶታ ይህን አኃዝ ብትሰማ ትቀና ነበር።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በወላይታ ነገሥታት ዘመን የመገበያያው ገንዘብ ማርጩዋ የሚባል ብረት ነበር። ኪስ ይቀዳል የሚል ትችት ሊቀርብበት ይችላል። ሆኖም ጥናት አቅራቢው በዚህ ዘመን ካለው የክፍያ ዘዴ ጋር አነጻጽሮ አንድ ብልጫ አግኝቶበታል፦ ማርጩዋ «ሲስተም የለም» ብሎ አያውቅም። ቀጥሎ 1887 ዓ.ም. መጣ፤ የወላይታው ካዎ (ንጉሥ) ጦና መንግሥት በምኒልክ ዘመቻ ወደቀ። የዚያ ዘመቻ ዋጋ በማርጩዋም በማርያ ቴሬዛ ብርም ስለማይሰላ ይህ ጥናት ሊያሰላው አይሞክርም።

የገበያው ስያሜ ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው ገበያ አስቀድሞ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ግርጌ ነበር። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት «ነጭ ለብቻው፣ ጥቁር ለብቻው» ብሎ ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋና መርካቶ አለው፤ በቋንቋው ገበያ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከአራዳ ወደ መርካቶ ለመሄድ ወረራ አስፈልጓታል። ሶዶ ግን ሁለቱንም ባንድ ላይ ይዛ አረፈችው፤ አራዳ ክፍለ ከተማም አላት፣ መርካቶ ክፍለ ከተማም አላት፣ እንዳይጣሉ ይመስል መሐል የሚባልም አላት። እንግዲህ «መርካቶ ገበያ ልሄድ ነው» የሚል የሶዶ ሰው «ገበያ ገበያ ልሄድ ነው» ማለቱ ነው። በዚያ ላይ በወላይትኛ «ግያ» ብሎ ከጨመረበት ሦስት ጊዜ ገበያ ሆነ፤ ይህን ያህል ደጋግሞ የተናገረ ሰው ባዶ ዘንቢል ይዞ አይመለስም።

የደርግን ዘመን በሞል ንድፈ ሐሳብ ካየነው የባለ አንድ ምሰሶ ዘመን ነው። ግሩን ደንበኛው ምሰሶ በሚባሉት ሁለት ትልልቅ መደብሮች መካከል እየተመላለሰ ትንንሾቹን ሱቆች እንዲያይ አድርጎ ነበር የነደፈው። ደርግ አንዱን ምሰሶ ትቶ የቀበሌ ሱቅን ብቻ አቆመ። ስኳሩ እዚያ፣ ሳሙናው እዚያ፣ ካርዱ እዚያ። ውጤቱም መመላለስ ቀርቶ መሰለፍ ሆነ። ሰልፉ ግን ግሩን የተመኘውን አደረገ፤ ሰው ጎረቤቱን አወቀ፣ ከፊቱ የቆመውን ከነልጆቹ አወቀ፣ ማን በጓሮ በር ገብቶ ስኳር እንደወሰደም ለይቶ አወቀ።

ስለ «ክልላዊነቱ» ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሶዶ ላይ የሆሳዕናው፣ የሻሸመኔው፣ የአርባ ምንጩ፣ የሳውላውና የዳውሮው መንገድ ይገናኛሉ፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ይወጣል፣ ከሻሸመኔ በኩል ፋብሪካ የሠራው ሁሉ ይገባል። የአሜሪካ ሞሎች «ክልላዊ» ለመባል የወለል ስፋታቸው ይለካል። የሶዶው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ከተማዋ መቀመጫ ስትሆን፣ አንዲት መደብ ሳይጨምር በአንድ ቀን ክልላዊ ሆነ።

አሁን መዋቅሩን እንይ። ምሰሶ መደብሩ ያለ ጥርጥር ቅቤ ተራ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ቦይናው (ጎደሬው)፣ ዝንጅብሉ፣ ሸክላው፣ ቦንዳ ልብሱ፣ ቅቤ ተራን ተጠግቶ ይኖራል። ዕቃው በእንሰት ኮባ ተጠቅልሎ ይቀርባል፤ ማሸጊያው ሲጣል ላም ትበላዋለች፣ ላሟም ተመልሳ ቅቤ ትሰጣለች፤ አውሮፓ ስለዚህ ጉዳይ ገና ጉባኤ ላይ ናት። የጥራት ምርመራው በአውራ ጣት ጥፍር ይካሄዳል፦ ጫር፣ አሸት፣ አሸተት፣ ከዚያ ፊትን ቅጭም ማድረግ። ቅቤው የቱንም ያህል ቢጥም አራተኛው ደረጃ አይቀርም። ጥናት አቅራቢው ወደ አንዲት እናት ቀርቦ ነበር።

«ሳሮ፣ እናቴ። ቅቤው ለጋ ነው?»

«ልጄ፣ ቅመሰው እንጂ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ቀመስኩት፤ ለጋ ነበር። ዋጋውን ነገሩኝ። እዚህ አላሰፍረውም፤ ጽሑፉ ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል። በደንቡ መሠረት «አይ፣ ተወደደ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። በአምስተኛው እርምጃ ላይ ተጠራሁ። ግኝቱን ለማረጋገጥ በሌላ ቀን፣ እኚሁ እናት ዘንድ፣ ሙከራውን ደገምኩት። በአምስተኛው እርምጃ ማንም አልጠራኝም። በስድስተኛውም። በዘጠነኛው ራሴ ተመለስኩ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ፣ መጠቅለላቸውን ጀምረው ነበር። የናሙናው ብዛት ሁለት በመሆኑ ድምዳሜ ከመስጠት እቆጠባለሁ፤ ከሁለቱ ወገን የትኛው ሲያጠና እንደነበር ግን ጥርጣሬ ገብቶኛል።

የሞል ሊቃውንት በግሩን ስም የሚጠሩት አንድ ሕመም አለ። ገዢው በሩን አልፎ ሲገባ ብርሃኑና ሙዚቃው ያፈዙትና የመጣበትን ረስቶ ያየውን ሁሉ ይገዛል። ግሩን ራሱ ነገሩን አይወደውም ነበር ይባላል። ይህ ሕመም ሶዶ ውስጥ ያለ ብርሃንና ያለ ሙዚቃ መኖሩን በራሴ ላይ አረጋግጫለሁ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ የወጣ ሰው ቅቤውን፣ አንድ መደብ ካሮት፣ የላም ገመድና የዳጣ ቃሪያ ይዞ ገባ። ላም የለኝም። ለቃሪያው «ምርቃት» ተብሎ ሁለት ፍሬ ተጨምሮልኝ ስለነበር አለመግዛት ነውር ነበር።

የምግብ አዳራሹ በገበያው ዙሪያ ያሉት ሥጋ ቤቶች ናቸው። የምግብ ዝርዝሩ ከሞል ዝርዝር ያጥራል፦ ቁርጥ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፤ ከቀዩና ከአረንጓዴው ዳጣ ጋር። ዳጣው ሲቀምሱት ሰውን ዝም የማሰኘት ጠባይ ስላለው ለጭውውት የተመደበው ጊዜ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። አየሩን በተመለከተ፣ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ግሩን በማሽን ያገኘውን ሊጠጋ የሚችል አየር በነፃ ታገኛለች። ወፎቹም አሉ፤ እግራቸው ታስሮ፣ ራሳቸው ቁልቁል ሆኖ። የመኪና ማቆሚያውን ባጃጅና አህያ ይጋሩታል። ለባጃጅ ትኬት ይቆረጣል። አህያዋም ትኬት ብታገኝ ትበላዋለች።

ስለ ወቅቱ ገበያ ካነሳን መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ አለ። የአሜሪካ ሞል ለበዓል ሰሞን ሰውን በብድር ካርድ ያስገዛል፤ ዕዳው እስከ ፋሲካ ይከተለዋል። የወላይታ ወንዶች ለጊፋታ በሬ በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ቅቤውን። በሬው የሚታረደው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዕዳ ሳይኖር የሚበላ ሥጋ ጣዕሙ ምን እንደሚመስል የባንክ ሰዎች መጥተው ቢቀምሱ መልካም ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ አሮጌው ሞል ነው። አዲሱም አለ። አዲስ አበባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደንበል ሲቲ ሴንተርን ከፍታ፣ ኋላም «ኤድናሞል» የሚለውን ስም በታክሲ ረዳት አፍ ላይ አስፍራ ቃሉን ለአገር አዳረሰችው። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ዞን ሆነች፤ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ መሥሪያ ቤት ደመወዝ አመጣ፣ ደመወዝ ባንክ አመጣ፣ ባንክ ሕንፃ አመጣ። የሕንፃው አሠራር በየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ያው ነው። ምድር ቤት ባንክ፤ ባንኩ አጠገብ ሌላ ባንክ፤ አንደኛ ፎቅ ሞባይል ቤትና ኮስሞቲክስ፤ ሁለተኛ ቡቲክ፤ ሦስተኛ ካፌ፤ አራተኛው ላይ «የሚከራይ» የሚል ጨርቅ። ከጣሪያው በላይ ፌሮው ወደ ሰማይ ቆሞ ይታያል። ይህ ፌሮ በስህተት የተረሳ የሚመስላቸው አሉ፤ ባለሕንፃው ከልጅ ልጆቹ ጋር የያዘው ቀጠሮ ነው።

ጥናት አቅራቢው ገበያው አጠገብ ካለ አንድ እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ (ስሙ ይቆይ) ተቀምጦ ቡና ጠጥቷል። ጸጥታው ለምርምር ይመቻል። ባለቡቲኩ ልብሱን ሁለት ጊዜ አጣጥፎ ሁለት ጊዜ ዘረጋ። ግብይቱ ያለው ደረጃው ላይና በረንዳው ላይ ነበር፦ ካልሲ፣ ቻርጀር፣ በቆሎ እሸት፣ በሸራ ላይ የተዘረጋ ቦንዳ። ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ሸራው በአራት ጫፉ ተይዞ በአንድ ትንፋሽ ይነሳል፤ ደንብ አስከባሪው ሲያልፍ እዚያው ቦታ ይዘረጋል። ኪራይ የሚከፍለው ውስጥ ተቀምጦ ውጭውን ያያል፤ ውጭ ያለው ሰው ገዢ ስለያዘው ወደ ውስጥ ለማየት ጊዜ የለውም።

ግሩን በእርጅናው እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ቪየና ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ግዙፍ ሞል መሠራት ጀመረ፤ እሱ ከቪየና አደባባይ የቀዳው ነገር ቀጂውን ተከትሎ መጥቶ የቪየናን አሮጌ ሱቆች ደንበኛ ሊወስድ ነው። ሞሎቹን ልጆቼ አይደሉም ብሎ ካዳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አረፈ። የሶዶን በረንዳ ቢያይ ምን ይል እንደነበር መገመት የዚህ ጥናት ወሰን አይደለም።

የመጨረሻው ምልከታ የተወሰደው በሐምሌ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳሞታ ጠቆረ፤ ካፌው መስኮት ላይ ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ገበያው ተነሳ። ቅቤው በኮባው፣ ሽንኩርቱ በሸራው፣ ዶሮዎቹ በእግራቸው፣ ሕፃናቱ በጀርባ ወደ ሕንፃው ጎረፉ። በረንዳው ሞላ፣ ደረጃው ሞላ፣ የባንኩ ደጅ ሞላ፤ ኋላ አንደኛ ፎቅም ሞላ። ጥበቃው ሊከለክል እጁን አንስቶ አንዲት እናት «አይዞህ ልጄ፣ ያባራል» ሲሉት እጁን መልሶ አወረደ። ሰው ከሰው ተጨዋወተ፤ አንዱ ለአንዱ ለቅሶ አረዳ፤ ሁለት ሰዎች በሙዝ ዋጋ ተከራክረው ተስማሙ፤ ባለቡቲኩ አንድ ሸሚዝ ሸጠ። ለ40 ደቂቃ ያህል፣ በእጅ ሰዓቴ፣ ጣሪያ የለበሰ አደባባይ ሶዶ ላይ ነበር።

ከዚያ አባራ። ሁሉም ጭኖ ወደ ጭቃው ተመለሰ። ጥበቃው መጥረጊያ አምጥቶ በእብነ በረዱ ላይ የቀረውን የእንሰት ኮባ መጥረግ ጀመረ፤ ካልሲ ሻጩ ከኋላው እየተከተለ በተጠረገው ላይ ሸራውን ዘረጋ።