ውዳሴ ትራንስፖዝ

የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መቃረቡ ሲሰማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኪቦርድ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ስልኩ ዕረፍት ያጣል። አንዳንዴ እናት ትደውላለች፣ አንዳንዴ ታላቅ ወንድም፣ አንዳንዴም ራሱ ተፈታኙ። ልመናው አንድ ነው፦ «መምህር፣ ፈተናው ሳምንት ነው የቀረው፤ እባክዎ አንድ ዘፈን ብቻ ያሳዩኝ።»

ሳምንት ደግሞ ምን ያንሳታል? ፈጣሪ ሰማይና ምድርን ፈጥሮ በሰባተኛው ቀን ዐርፎባታል። ድሮ ድሮ ሰው ጊዜ ማባከን ይወድ ነበር። የቆሎ ተማሪው ዜማ እቀጽላለሁ ብሎ ዓመታት ደጅ ይጠናል፤ ይህም አልበቃው ብሎ ድጓውን ለማስመስከር ጋይንት ድረስ፣ ቤተልሔም ይወርዳል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ውስጥ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ፣ ፒያኖና ቫዮሊን በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ግን ክራር ይጫወት ነበር፣ ከዚያ በኋላም ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ። ይህን ሁሉ ድካም ምን ይሉታል? ያኔ ትራንስፖዝ ስላልነበረ ነው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አይገኝለትም።

ትራንስፖዝ ከኪቦርዱ ፊት የተቀመጠች ትንሽ ቁልፍ ናት። ጣት ሁልጊዜ ከሲ ሜጀር፣ ከነጫጮቹ ላይ ሳይነሣ፣ ድምፁ በግማሽ በግማሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። በተለመዱት የያማሃ ኪቦርዶች ላይ 12 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ 12 ወደ ታች ትሄዳለች። አንድ ስኬል የሚያውቅ ሰው በእሷ ምክንያት ዐሥራ ሁለቱንም የሚያውቅ ይመስላል። ጥቋቁሮቹ ቁልፎች እንግዲህ ለጌጥ የተሠሩ መሆናቸው ነው። (ሠርግ ላይ ከምሽት እስከ ሌሊት ዘፋኝ ለሚያጅብ ኪቦርዲስት ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የዘፋኙ ጉሮሮ ሲዘጋ ቶሎ ዝቅ ያደርግለታል፤ ማንም አይፈርድበትም። እዚህ የሚወደሰው ቁልፏን ይዞ ኮሌጅ ልግባ የሚለው ነው።)

የፈተናው ክፍል ውስጥ ያለው ግን ፒያኖ ነው። ተፈታኙ የፈታኙን ጣት እንዳያይ ጀርባውን ይሰጣል። አንድ ድምፅ ይመታለታል፤ «በ‹ላ› ድገመው» ይባላል። ቀጥሎ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ይመታና ሁለቱንም ለየብቻ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ከዚያ ፈታኙ በእርሳስ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል፤ ተፈታኙ በጭብጨባ ይመልሳል። በመጨረሻ «በል እንግዲህ ተጫወት» ሲባል ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቁልፏ ነው። ከላይ የለችም። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፤ ፔዳል ብቻ ነው። ሶኬት እንኳ የለውም።

ጥፋቱ እንግዲህ የፒያኖው ነው። መፍትሔውም ፒያኖውን ለተፈታኙ ማስተካከል ነው፤ ተፈታኙን ለፒያኖው ማስተካከል ሰብዓዊነት የጎደለው አሠራር ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍና 230 ገደማ ክር አለው፤ ክሮቹ ተወጥረው የሚይዙት ጉልበት ሲደመር 20 ቶን ይጠጋል። የመጀመሪያው ተፈታኝ «እኔ ከዲ ነው የለመድኩት» ሲል ቃኚው ተጠርቶ 230ዎቹን ክሮች በሙሉ ሁለት ግማሽ ድምፅ ያጠብቃል። ሁለተኛዋ «እኔ እንኳ ከቢ ፍላት ነው» ስትል መልሶ ያላላል። ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ይያዝ። ተፈታኙ 200 ነው ቢባል 600 ሰዓት ይመጣል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሲሠራ 75 የሥራ ቀን፣ ማለትም 15 ሳምንት መሆኑ ነው። የበዓላቱ ቀን፣ ቃኚው ለቅሶ የሚደርስበት ቀንና የተበጠሰ ክር በውጭ ምንዛሬ እጥረት ምክንያት ጉምሩክ የሚቀመጥበት ጊዜ አልተቆጠረም።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል። በሁለተኛው ሳምንት ጀበና ይዛ የምትመጣ አትጠፋም፤ በሦስተኛው ዕቁብ ይጀመራል፣ በአምስተኛው የመጀመሪያው ዕጣ ይወጣል። ተራ ቁጥር 41 እና ተራ ቁጥር 112 ይተጫጫሉ፤ ቀለበቱ ላይ የሚያጅበው ኪቦርዲስት ከድንኳኑ አይጠፋም፣ በሲ ሜጀር። የተፈታኞች ወላጆች ማኅበር ይቋቋማል፤ ሁለት ቦታም ይከፈላል፦ ቃኚው መጀመሪያ ከላይ ይጀምር የሚሉና ከታች ይጀምር የሚሉ። ቃኚው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ድንግ፣ ድንግ፣ ድንግ ያደርጋል፤ አንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር እየመታ ያስማማል። ተፈታኞቹ ሌላ የሚሰሙት ነገር የላቸውም። በአሥረኛው ሳምንት ቡና የሚጠጣው ልጅ ስኒውን ሳያስቀምጥ «ይቺ ትንሽ ወርዳለች» ይላል። በአሥራ ሦስተኛው ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች በየስማቸው ይጠራሉ። በአሥራ አምስተኛው ሳምንት፣ ሳያስቡት፣ የጆሮ ፈተናውን የሚያልፉ ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ቀድመው 15 ሳምንት ቢለማመዱስ የሚል ሰው ከተገኘ ምቀኛ ነው።

የቁልፏ ወዳጆች አንድ ታላቅ ምስክር እንዳላቸው መሸሸግ አይገባም። አሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ኢርቪንግ በርሊን ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ጣቱም የለመደው ጥቋቁሮቹን ቁልፎች፣ ኤፍ ሻርፕን ነበር። ለዚህ ሲባል የተለየ ፒያኖ ነበረው። ማንሻውን ሲስበው የድምፁ ከፍታ ይቀየርለታል። ከእነዚህ ፒያኖዎቹ አንዱ ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል። በርሊን እስከ 101 ዓመቱ ኖሮ ከአንድ ሺህ በላይ ዘፈን ጽፏል። የሙዚቃ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ ግን አልቀረበም፤ የእሱን ማንሻ የሚጠቅሱት ሁሉ የእሱን ሺህ ዘፈን ለመጥቀስ አይቸኩሉም።

የቀሩት የዝግጅት ጥበቦች በአጭሩ ሊወደሱ ይገባል። በፈተናው ጠዋት ዝንጅብልና ማር የሚጠጣው ጉሮሮ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ተከፍቶ አያውቅም። ለመዝፈን ከተፈለገ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ይመረጣል፣ ያውም ከባዱ። የቲክቶክ ተከታይ ብዛት እንደ ምስክር ወረቀት በስልክ ይታያል። «እዚያ ውስጥ የምታውቀው ሰው አለህ ወይ?» የሚለውም እንደ ሶልፌጅ ተቆጥሮ የሚጠና ትምህርት ነው። ቅኝት ሲጠየቅ ትዝታ ይባላል። ሌላስ? ዝም። ባቲን ከአምባሰል መለየት፣ አንቺሆዬን ሰምቶ ይህች ናት ማለት ለፈታኙ የተተወ ሥራ ነው።

በሳምንት ጆሮ አይሠራም፤ ማንም አልሠራም። አንድ ዘፈን ሸምድዶ ፈተና ክፍል መግባት ፈታኙን መናቅ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀውንም መናቅ ነው። ከዚያ ክፍል ውጭ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያጣ፣ በአፉ እያንጎራጎረ፣ በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ ጆሮውን ለዓመት ያሠለጠነ ልጅ ተቀምጧል። ደቂቃው የሚወሰድበት ከእሱ ነው። ሸምዳጁ መውደቁ ሲነገረው «ፒያኖው አስቸገረኝ» ብሎ ሲወጣ ማዳመጥ ደግሞ ያንገበግባል።

ለሚመጣው ዓመት ተፈታኝ የሚሆነው ምክር የሚከተለው ነው። ያ አንድ ዘፈን ይያዝ፤ ዘፈኑ ምንም አላጠፋም። ነገር ግን ከዐሥራ ሁለቱም ድምፆች እየተነሡ ይጫወቱት፣ በየሳምንቱ አንድ ድምፅ ቢያዝ በሦስት ወር ያልቃል። አራቱ ቅኝቶች በአፍ ይዜሙ፤ ለዚህ ኪቦርድም መብራትም አያስፈልግም። ጓደኛ ወይም እኅት አንድ ቁልፍ ትምታና፣ ጀርባ ሰጥቶ መድገም ይለመድ። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። ትራንስፖዟ ላይ ደግሞ ዜሮ ተደርጎ ፕላስተር ይለጠፍባት።